ተጨማሪ መረጃ፦ የጓሮ ባቡር ፉርጎ

በዌልስ የሚገኘው የፌስቲኒዮግ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1836 ሲከፈት፣ የጣሪያ ድንጋይ የጫኑ ፉርጎዎች ቁልቁለቱን በራሳቸው ክብደት ይወርዱ ነበር፤ ባዶዎቹን ሽቅብ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። የሐዲዱ ስፋት 597 ሚሊሜትር ነው። ሞዴል ሠሪዎች እንዲህ ያሉትን ፉርጎዎች በ1፡19 መስፈርት አሳንሰው በ32 ሚሊሜትር የጓሮ ሐዲድ ላይ ያስኬዷቸዋል። መንኮራኩሩን ብዙዎች ይገዙታል፤ እጅን የሚያስመሰግነው የአካሉ ሥራ ነው። 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በሞዴሉ ላይ 8 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በእንጨቱ ላይ የሚታየው ተፈጥሯዊ መስመር ግን አብሮ ስለማያንስ መስመሩ ደቃቅ የሆነ እንጨት መምረጥ ግድ ነው። ርዝመት 19 ጊዜ ሲያንስ ይዘት፣ ከእርሱም ጋር ክብደት፣ 6,859 ጊዜ ያንሳል፤ 2 ቶን ድንጋይ 300 ግራም እንኳ አይሞላም። ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ ከሐዲዱ በቀላሉ ስለሚወጣ ከወለሉ ሥር ብረት ይጨመርለታል።