ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ፦ ስለ ራዲዮግራፈርነት ትምህርት ለወጣቶችና ለመካሪዎቻቸው

ባለፈው ሩብ ዓመት የጤና ፕሮጀክቶቻችንን ለመጎብኘት በወጣንበት ወቅት፣ በአንድ የገጠር ወረዳ በሚገኝ የጤና ተቋም የራጅ መሣሪያ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሞ አየን። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መብራትም አልጠፋም። ባለሙያው ወደ ከተማ ተዛውሮ ተተኪ ባለመገኘቱ ብቻ፣ እግሩን የተሰበረ ሕፃን እንኳ በአባቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ይላካል። ከዚያ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ስንጠይቅ ሐኪም ወይም ነርስ ለመሆን የሚመኙት ብዙዎች ነበሩ፤ ራዲዮግራፈር ምን እንደሚሠራ የነገረን ግን አልተገኘም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሁለት ተመሳሳይ ስሞችን እንለይ። ራዲዮሎጂስት የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ በዚሁ ዘርፍ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ሲሆን፣ ሥራው ምስሉን አንብቦ ውጤቱን መጻፍ ነው። ራዲዮግራፈር ደግሞ፣ በአገራችን የትምህርት ማስረጃ ላይ የሜዲካል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ተብሎ የሚጠራው፣ ምስሉን የሚያነሣው ነው።

«ቁልፍ መጫን አይደለምን?» የሚሉ አሉ። አይደለም። ለጎልማሳ ወገብ የሚበቃው የጨረር ኃይል ለሕፃን ደረት እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህ ባለሙያው የኃይሉንም የመጠኑንም ልክ በየታማሚው ይመርጣል። የአጥንት ስንጥቅ ከፊት ሲታይ ተሰውሮ ከጎን ሲታይ ሊገለጥ ስለሚችል፣ አንድን አካል ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ማንሣት የተለመደ ነው። የደረት ራጅ ሲነሣ «አየር በረጅሙ ይሳቡ፤ አሁን ይያዙ» የሚባለውም በምክንያት ነው። ታማሚው በሚገባ ካልሳበ ልብ ከመጠኑ በላይ ሰፍቶ፣ ሳንባውም ተጨናንቆ ይታያል፤ ጤነኛውም ሰው የልብ ሕመምተኛ ሊመስል ይችላል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ በክፉ የተነሣ ምስል ያሳስተዋል።

ትምህርቱ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በመደበኛው መርሐ ግብር አራት ዓመት ይወስዳል። በአገራችን ከሚሰጡት ተቋማት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለመግባት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሆኖ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ማለፍ ያስፈልጋል። ተማሪው የሰውነት አካላትን አቀማመጥና አሠራር፣ የጨረር ፊዚክስን፣ የበሽታዎችን ጠባይ፣ የአነሣሥ ዘዴዎችን፣ ከዚያም አልትራሳውንድን፣ ሲቲ ስካንንና ኤም አር አይን ይማራል፤ በሆስፒታልም በባለሙያ ሥር ሆኖ ይለማመዳል። ከተመረቀ በኋላ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍና የሥራ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። በእኛ አስተያየት ወጣቱ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ደም አይቼ እችላለሁን?» ብሎ ሳይሆን «ፊዚክስን እታገሠዋለሁን?» ብሎ ነው።

ወላጆችን ከሁሉ የሚያስፈራው ጨረሩ ነው፤ ይልቁንም ሴት ልጅ ያላቸውን። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 8 ቀን 1895 ካገኘ በኋላ፣ ጉዳቱ ሳይታወቅ በባዶ እጃቸው የሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ጣቶቻቸውን አጥተዋል፤ በካንሰርም ሞተዋል። በሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1936 ለእነዚሁ ሰዎች መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። የሙያው ሰዎች «ሰማዕታት» ይሏቸዋል፤ ቃሉ በቤተ ክርስቲያን ካለው ፍቺ ቢለይም፣ ስያሜውን አንነቅፍም።

ዛሬ ግን ሥራው በሥርዓት የታጠረ ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ አንድ የደረት ራጅ ለታማሚው የሚሰጠው በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም። ባለሙያው በዚያች ቅጽበት ከመከላከያው ግድግዳ በስተጀርባ ይቆማል። ግድግዳ በሌለበትም ከትንሽ የጨረር ምንጭ ያለውን ርቀት እጥፍ ሲያደርግ የሚደርስበት ጨረር ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ደረቱ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ መለኪያ በየጊዜው እየተነበበች የወሰደው መጠን ይመዘገባል። ነፍሰ ጡር የሆነች ባለሙያ ለኃላፊዋ በጊዜ ማሳወቅ ይገባታል፤ የሥራ ምደባዋም በዚያው ልክ ይስተካከላል። አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ግን ይህ ዓይነቱ ጨረር ፈጽሞ የለባቸውም።

በመጨረሻ ካህናት አባቶችን የሚመለከት አንድ ጉዳይ እናንሣ። በደረት ራጅ ጊዜ የአንገት መስቀል ይውለቅ ሲባል፣ ማተብ የመበጠስ ያህል ቆጥረው ሳይነሡ የሚመለሱ ምእመናን አጋጥመውናል። ጥላ የሚጥለው የብረት መስቀሉ እንጂ ክሩ እምብዛም አይደለም። መስቀሉን ወደ ጀርባ ማዞርም አይጠቅምም፤ ጨረሩ ሰውነትን አልፎ ስለሚወጣ ጥላው ከሳንባው ላይ ያርፋል፣ ከሥሩ ያለውንም የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ መስቀሉን ፈትቶ ለአስታማሚ መስጠትና ሲጨርሱ መልሶ ማሰር ይበቃል። ኤም አር አይ ባለበት ክፍል ግን ማግኔቱ ዘወትር ስለሚስብ ማናቸውም ብረት ከበር ውጭ መቅረት አለበት። ይህን የንስሐ አባት አስቀድመው ቢነግሩ፣ ባለሙያው በር ላይ ከታማሚው ጋር ከመከራከር ይድናል።