በርካሽ ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ግራፊክስ ካርድ

ሁለት ግራፊክስ ካርዶችን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አጣምሮ የማሠራት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ስሪ-ዲ-ኤፍ-ኤክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ቩዱ 2 በተሰኘ ካርድ ተግባራዊ አድርጎት ነበር፤ በ2004 ደግሞ ኤንቪዲያ ኤስ.ኤል.አይ. በሚል ስያሜ መልሶ አነሣው። የዚያን ጊዜው ዓላማ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን ምስል ማፍጠን ነበር። ይህ አገልግሎት ዛሬ አክትሟል ለማለት ይቻላል፤ ኤንቪዲያም ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ለጨዋታዎች አዳዲስ የኤስ.ኤል.አይ. ማስተካከያዎችን ማውጣት አቁሟል። ዛሬ ሁለት ካርድ የሚፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ኮምፒውተርን ከመረጃ ለማስተማር፣ የሳተላይት ምስል ለመተንተን፣ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ለማስላት።

በአነስተኛ ገንዘብ እንዲህ ያለ ምርምር ለመጀመር ለሚያስብ ተማሪ ወይም የትምህርት ክፍል ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ከአንድ ውድ ካርድ ይልቅ፣ እያንዳንዳቸው 12 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያላቸውን ሁለት አር.ቲ.ኤክስ. 3060 ካርዶች ይገዛና ሁለት ረጃጅም ማስገቢያዎች ባሉት ማዘርቦርድ ላይ ይሰካቸዋል። (12 እና 12 ተደምሮ በራሱ 24 እንደማይሆን ግን ከወዲሁ እናስታውስ፤ ሥራውን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌሩ ነው።) ችግሩ ያለው የማስገቢያው ርዝመት ስለ ውስጡ ሽቦ ምንም የማይናገር መሆኑ ላይ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ከፕሮሰሰር ጋር የሚገናኘው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ በሚባል ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በመስመሮች የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር በሦስተኛው ትውልድ በአንድ አቅጣጫ በሴኮንድ 1 ጊጋባይት ገደማ፣ በአራተኛው ትውልድ 2 ጊጋባይት ገደማ ያስተላልፋል። ሙሉው ማስገቢያ 16 መስመሮች አሉት። ሆኖም ያው ርዝመት ያለው ሌላ ማስገቢያ 4 መስመሮች ብቻ ተዘርግተውለት ሊገኝ ይችላል።

ለአብነት ኤ.ኤም.ዲ. በ2020 ለራይዘን ፕሮሰሰሮች ያቀረበውን ቢ550 ቺፕሴት የያዙ ቦርዶችን እንውሰድ። ፕሮሰሰሩ ለግራፊክስ የሚያውላቸው 16 መስመሮች በርካሾቹ ቦርዶች ላይ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ማስገቢያ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ማስገቢያ የሚያገኘው ከቺፕሴቱ የሚወጡ ቢበዛ 4 የሦስተኛ ትውልድ መስመሮችን ነው። ቺፕሴቱ ራሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘውም በዚያው ዓይነት 4 መስመሮች በመሆኑ፣ ሁለተኛው ካርድ ከኔትወርኩ፣ ከዩ.ኤስ.ቢ.ውና ከአንዳንድ ዲስኮች ጋር አንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋል። ከዚሁ ቤተሰብ አንዳንድ ውድ ቦርዶች ግን 16ቱን መስመሮች ለሁለት ከፍለው ለእያንዳንዱ ካርድ 8 ይሰጣሉ። ለእኛ ዓላማ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ይህንኑ ክፍፍል ነው።

ልዩነቱ በአኀዝ ሲታይ ያስደነግጣል። 4 የሦስተኛ ትውልድ መስመሮች በሴኮንድ 3.9 ጊጋባይት፣ 8 የአራተኛ ትውልድ መስመሮች ደግሞ 15.8 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋሉ፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ተጠቃሚ ሊያስደነግጥ አይገባም። እያንዳንዱ ካርድ የየራሱን ሥራ የሚሠራ ከሆነ፣ መረጃው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ስሌቱ የሚካሄደው በካርዱ ውስጥ ነው። 12ቱን ጊጋባይት ለመሙላት በጠባቡ መንገድ 3 ሴኮንድ፣ በሰፊው ከ1 ሴኮንድ በታች ይፈጃል። ለሰዓታት ለሚዘልቅ ስሌት ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

ሁለቱ ካርዶች ተጋግዘው አንድን ሞዴል ሲያስተምሩ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሞዴሉ እያንዳንዳቸው 4 ባይት የሚይዙ 100 ሚሊዮን ቁጥሮች አሉት እንበል። ካርዶቹ በየእርምጃው 400 ሜጋባይት የማስተካከያ ቁጥሮች ይለዋወጣሉ፤ ይህም በጠባቡ መንገድ 0.1 ሴኮንድ፣ በሰፊው 0.025 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። የእርምጃው ስሌት 0.2 ሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ በጠባቡ መንገድ ከጠቅላላው ጊዜ አንድ ሦስተኛው በመጠባበቅ ያልፋል። ጥሩ ሶፍትዌር ልውውጡን ከስሌቱ ጋር በማደራረብ ከዚህ ከፊሉን ያድናል። በአንጻሩ 3060ን የመሰሉ ካርዶች እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ድልድይ ስለሌላቸው፣ መረጃው በዋናው ማኅደረ ትውስታ በኩል ዞሮ መሄዱ ተጨማሪ ጊዜ ያስከፍላል።

ስለዚህ ተማሪዎች ተራ በተራ የየራሳቸውን ሙከራ ለሚያካሂዱበት ላቦራቶሪ ርካሹን ቦርድ ያለ ማመንታት እንመርጣለን። አንድ ትልቅ ሞዴል ለማስተማር ለተነሣ ቡድን ግን በዚህ ቦርድ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በጊዜ ይከፈላል።

ለርካሹ ቦርድ ገዢ ከመስመሮቹ ይልቅ የሚያሳስበው ቦታውና ሙቀቱ ነው። ብዙዎቹ ካርዶች የሁለት ማስገቢያ ውፍረት፣ ማለትም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ አላቸው። በሁለቱ ረጃጅም ማስገቢያዎች መካከል ያለው ርቀት ያንኑ ያህል ብቻ ከሆነ ካርዶቹ ይገጣጠሙና የላይኛው አየር ያጥረዋል፤ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ኃይልን በተመለከተ እያንዳንዱ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል። ከማስገቢያው የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ስለሆነ ቀሪው በኬብል መምጣት አለበት። ፕሮሰሰሩ ሲታከልበት ጥራት ያለው 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ተገቢ ነው እንላለን።

ፕሮሰሰሩም ቢሆን ይታይ። ራይዘን 5 5600 አራተኛውን ትውልድ ሲደግፍ፣ በስም የሚቀርበው 5600ጂ በሦስተኛው ይቆማል። ሁሉም ከተገጣጠመ በኋላ እያንዳንዱ ካርድ በስንት መስመርና በየትኛው ትውልድ እንደሚሠራ ከካርዱ ሾፌር ጋር የሚመጣው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያሳያል። ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ ወደ ዝቅተኛ ትውልድ ስለሚወርድ፣ ንባቡ መወሰድ ያለበት ስሌት እየተካሄደ ሳለ ነው።