ዝማሜ፣ ጸናጽል፣ ከበሮ፦ ከአቋቋም ጋር ትውውቅ

በገና ዕለት ጠዋት ላሊበላ ላይ ሰው ያልቆመበት ድንጋይ አይገኝም። ቤተ ማርያምን ከከበቡት የዐለት ግድግዳዎች አንዱ፣ ማሜ ጋራ የሚሉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በካህናት ይሞላል። ከታች በግቢው ደግሞ ሌሎቹ ይሰለፋሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ሁሉም ሌሊቱን ማኅሌት ሲቆሙ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ከበሮው ሲነሣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ወገባቸውን ሰበር አድርገው በአንድነት ወደ ታች ያዘነብላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ እንደገና ያዘነብላሉ፤ ታቾቹም ተቀብለው ይመልሱላቸዋል። ቤዛ ኩሉ ማለት ይህ ነው። ቅዱስ ላሊበላም የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ በላስታ በዓሉ ድርብ ነው።

ከየአገሩ የመጣው ሰው ካሜራውን የሚያነጣጥረው በነጩ ልብስና በቀዩ ዐለት ላይ ነው። አይፈረድበትም። እኔ ግን በዓሉን ለሚያይ ሰው አንድ ነገር እመክራለሁ፤ ፊታቸውን ትቶ እግራቸውንና መቋሚያቸውን ይመልከት። በስሜት ተነሣሥተው የሚወዛወዙ የሚመስሉት ካህናት እያንዳንዷን ዘንበል ማለት ከመምህር ተምረው፣ ተገርተው፣ ታርመው የመጡ ናቸው። የትምህርቱ ስም አቋቋም ይባላል። ሊቃውንቱ «ጭፈራ» ሲባልባቸው አይወዱም፤ ሽብሸባ ነው፣ ዝማሜ ነው ይላሉ። ማስረጃ ለሚፈልግም ንጉሡ ዳዊት በታቦቱ ፊት መዝለሉን ይጠቅሳሉ።

አንድ ዜማ በአቋቋም ቤት አንድ ጊዜ ተብሎ አያበቃም። መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ ከበሮ ዝግ ብሎ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይሄዳል፣ ሰውነትም ይከተለዋል። በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። ወረብ ከእነዚህ ሁሉ ለጆሮ የሚጥመው ነው፤ ምእመኑም በቀላሉ ተቀብሎ የሚያዜመው እሱን ነው። ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው ማኅሌት ይረዝምበታል። የሚያውቅ ግን አንዱ ቃል በዝግታ ተጀምሮ እንዴት እየጋለ እንደሚሄድ ይከታተላልና እንቅልፍ አይወስደውም። (ሌሊቱ ሲገፋ ሊቃውንቱም መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስደግፈው ማሸለባቸው አይቀርም፤ መቋሚያ ለዚህም ይሆናል።)

ዝማሜን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሥራው ያለው ክብደትን በማዛወር ላይ ነው። እግር ከመሬት ብዙም አይነሣም። የሰውነት ሸክም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ጉልበት ትንሽ ላላ ይላል፣ ትከሻና ራስ ዘግየት ብለው ይከተላሉ። የመቋሚያው ጫፍ ዐለቱን ሲነካ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ቀላል ይመስላል፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ ሰዎች እኩል ዘንበል እኩል ቀና ሲሉ ግን ከመካከላቸው በቅጽበት የዘገየው ወዲያው ይታወቃል። መሪጌታውም ዐይኑ ያ ሰው ላይ ነው።

ነጻነት ያለው ከበሮ መቺው ነው። ከበሮው ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ግንድ ተቦርቡሮ በበሬ ቆዳ የተለበጠ ሲሆን፣ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ሊቃውንቱ ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት ይመስሉታል፤ ዙሪያውን የተወጠረው ጠፍር ደግሞ የግርፋቱ ሰንበር ነው። መቺው ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጥልቆ በሁለቱ ረድፎች መካከል ይገባል። ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ዞር ይላል፣ ምቱ ሲጠና ከነከበሮው ብድግ ብድግ ይላል። ረድፉ የሚፈጥነውም የሚያዘግመውም እሱን እየሰማ ነው። ላሊበላ ላይ ድምፁ ከዐለት ተጠርቦ በወጣው ግቢ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ስለሚጎላ፣ ሜዳ ላይ ካለ ቤተ ክርስቲያን ይልቅ ደረት ይመታል።

የዚህ ሁሉ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ጊዜ የነበረ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ያቆመ። ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን እግሩ ላይ ተከለበት፤ ደሙ ፈሰሰ፣ ዜማው እስኪያልቅ ግን ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። የዜማው ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት የሚባሉትና የቀሩት፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ተደራጁ፤ ይህም ከተድባበ ማርያም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወሎ በዜማው ታሪክ ውስጥ እጇ አለበት። ምልክቱ የተጻፈው ግን ለድምፅ ነው። የእግሩንና የመቋሚያውን ሥርዓት ተማሪው የሚይዘው መምህሩን እያየ፣ ከአጠገቡ ቆሞ ነው።

ስለዚህም ተማሪው አገር ለአገር ይዞራል። ከላስታ የተነሣ ልጅ ፊደልና ዳዊቱን በደብሩ ይጨርሳል። ቅኔ ከፈለገ ዋድላ ቅርቡ ናት፤ በቅኔ ስሟ የታወቀ ነው። ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሻገራል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ ዓመታት ያልፋሉ። ሲመለስ፣ ከተመለሰ፣ ቦታው በረድፉ ውስጥ ነው፤ በቀኝ ጌታ ወይም በግራ ጌታ በኩል።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ ጋር የማወዳድረው አንድ የውጭ አገር ጥበብ አለ፤ የአሜሪካኖቹ ታፕ ዳንስ። ጫማቸው ጫፉና ተረከዙ ላይ ብረት የተመታበት፣ በእግራቸው ከበሮ የሚመቱ ሰዎች ጥበብ ነው። ከባርነት የወጡ አፍሪካውያን ምትና የአየርላንድ ስደተኞች ውዝዋዜ ተቀላቅለው የወለዱት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ሆሊውድ በዘፈን ፊልሞቹ ዓለምን ያስደመመበት ነው። ፍሬድ አስቴር በልጅነቱ ከእኅቱ ከአዴል ጋር መድረክ ላይ ጀምሮ፣ በ1935 በ«ቶፕ ሃት» ከዘራውን ወለል ላይ እያንኳኳ ሲጨፍር ይታያል። ካሜራው ከራስ እስከ እግር ሙሉ አካሉን እንዲያሳይና ትዕይንቱ እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ ጨዋታው እግር ላይ ስለሆነ ፊቱን ብቻ ማሳየት ለእሱ ማጭበርበር ነው። በዚህስ ከእኔ ምክር ጋር ይስማማል።

ከእሱ በፊት ቢል ሮቢንሰን ነበር፤ ደረጃ እየወጣና እየወረደ በየደረጃው የተለያየ ድምፅ በማውጣት የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ። በዚያው በ1935 ከሕፃኗ ሸርሊ ቴምፕል ጋር በደረጃ ላይ ጨፈረ፤ ጥቁርና ነጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው መታየታቸው በደቡብ ግዛቶች ስለማይወደድ ትዕይንቱ በዚያ ተቆርጦ ወጣ። ብዙ ገንዘብ አግኝቶ፣ በ1949 ሲሞት ባዶ እጁን ነበር። የታፕ ኮከብ ሕይወት ይኸው ነው፦ ስም በትልቁ ይጻፋል፣ ፊልም ይቀራል፣ ሰውየው ይደክማል።

በአቋቋም በኩል ኮከብ መፈለግ ይከብዳል፤ ሥርዓቱ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ተብሎ የተሠራ ነውና። ለኮከብነት የሚቀርብ አንድ ሰው ብጠራ አለቃ ገብረ ሃና ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የፎገራው ሊቅ በጎንደር የተማሩና ያስተማሩ፣ በዘመናቸው ካሉት የአቋቋም ሊቃውንት ቀድመው የሚጠሩ ነበሩ። የጣናን ማዕበል መመላለስ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል፤ ሰውነት ከጎን ወደ ጎን እንደ ውኃ የሚፈስበት። ጎንደሮች ነባሩን ይዘን እንቀጥላለን ብለው አልተቀበሉትም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ስሙም የአባትየው ሳይሆን የልጁ ሆኖ «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። አገሩ ሁሉ ግን አለቃን የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። የእሳቸው ያልሆነው ቀልድ ሳይቀር በስማቸው ይነገራል፤ ሥራቸው የሆነው ዝማሜ ደግሞ በልጃቸው ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ዕጣ ለአስቴር ቢነግሩት የሚያምን አይመስለኝም።

ላሊበላን በገና ማየት ያልቻለ ሰው ብዙም አይቆጭ። የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት ሰኔ 12 ይከበራል፤ ማኅሌቱ ያው ማኅሌት ነው፣ እንግዳው ግን ጥቂት ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለሆነ ጋቢ ደረብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚልከው ብርድ በሌሊት አይቻልም። ከዋዜማው ጀምሮ መግባት ነው። ሴቶችና ወንዶች የየራሳቸው መቆሚያ ስላላቸው ጠይቆ መቆም፣ ከዚያም ከበሮው በሚያልፍበት በኩል ቦታ መያዝ ይሻላል። ቁም ዜማው ሲጀመር አይቸኩሉ፤ ጽፋት ለመድረስ ገና ሰዓታት ይቀራሉ።