ሕፃናት እንዲያድጉ፦ ኢትዮጵያና ባንግላዴሽ

(በሬዲዮ የቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

በዝቋላ፣ በሰቆጣና በመላው ዋግ ኽምራ የምትገኙ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች፣ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ትምህርት ቁጥር አለበት። ቁጥሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ቀስ እያልን እናያቸዋለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ዛሬ ሁለት አገሮችን እናነጻጽራለን። አንደኛዋ አገራችን ኢትዮጵያ ናት። ሁለተኛዋ ባንግላዴሽ ትባላለች። የምናነጻጽረው ሕፃናትን ከሞት በማዳንና በማሳደግ ምን ያህል እንደተራመዱ ነው።

ባንግላዴሽ የት ናት?

ባንግላዴሽ በእስያ፣ ከሕንድ ጎን ትገኛለች። ዋና ከተማዋ ዳካ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከፓኪስታን ተለይታ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። መሬቷ ሜዳ ነው። ታላላቅ ወንዞች ያቋርጧታል፤ በክረምት ጎርፍ ያጥለቀልቃታል። የኢትዮጵያ ስፋት የባንግላዴሽን ሰባት እጥፍ ይሆናል። የሕዝቧ ብዛት ግን ከእኛ ይበልጣል፤ 170 ሚሊዮን ያህል ነው።

ታዲያ ለምን እሷን መረጥን? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታላቅ ረሀብ ነበር። ያን ጊዜ ዋግ የወሎ አውራጃ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. መጨረሻና በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ባንግላዴሽን ረሀብ መታት። የሁለቱ አገሮች ስም በዓለም ዘንድ በአንድ ዘመን ከረሀብ ጋር ተነሣ። እኛንም በ1977 ዓ.ም. እንደገና መጣብን። ሁለቱም ድሆች ነበሩ። ድሀ አገር ከድሀ አገር የሚማረው ብዙ ነው።

ግቡ ምን ነበር?

በ1992 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ የዓለም መሪዎች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሰብስበው ነበር። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ስምንት ግቦች ወጡ። የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ይባላሉ። አራተኛው ግብ ስለ ሕፃናት ነው። «በ1982 ዓ.ም. ከነበረው የሕፃናት ሞት፣ እስከ 2007 ዓ.ም. ከሦስቱ እጅ ሁለቱን እንቀንስ» ይላል። ሦስት ሕፃናት ይሞቱ ከነበረ ሁለቱ ይዳኑ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር፦ ሞት

እስቲ በደብተራችሁ ጻፉ።

ኢትዮጵያ፦ በ1982 ዓ.ም. ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 205 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከአምስት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. ወደ 59 ወረደ።

ባንግላዴሽ፦ በ1982 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 144 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ወደ 38 ወረደ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 205ን ለሦስት ብናካፍል 68 ይደርሳል። እኛ ከዚያም በታች ወረድን። 144ን ለሦስት ብናካፍል 48 ነው። እነሱም ከዚያ በታች ወረዱ። ስለዚህ ሁለቱም አገሮች ግቡን መቱ። ከየትኛው ከፍታ እንደተነሣን ስናይ የእኛ ጉዞ ትልቅ ነው።

እንዴት ሆነላቸው?

ከባንግላዴሽ እንጀምር። እዚያ ብዙ ሕፃናት የሚሞቱት በተቅማጥ ነበር። ተቅማጥ ሕፃኑን የሚገድለው ውሃና ጨው ከሰውነቱ አሟጦ ነው። የወጣውን መልሶ ማጠጣት ያድነዋል። ብራክ የሚባል የአገሩ ድርጅት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ላከ። ሠራተኞቹ እናቶችን በጣት ቁንጥር ጨው፣ በእጅ ጭብጥ የአገሩን ጥቁር ስኳር፣ በልክ ውሃ መበጥበጥ አስተማሩ። 12 ሚሊዮን ያህል ቤት አዳረሱ።

አንድ ብልሃት ነበራቸው። የሠራተኛዋ ክፍያ በዞረችበት ቤት ብዛት ብቻ አልነበረም። በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እናቶችን ይጠይቃል። እናቲቱ ትምህርቱን ካስታወሰች ክፍያው ይጨምራል፤ ከረሳች ይቀንሳል። ስለዚህ ሠራተኛዋ እናቲቱ በእጇ በጥብጣ እስክታሳይ ድረስ አትነሣም። እኛ መምህራንም ከዚህ የምንማረው አለ።

ሌላም ነገር አዩ። መጀመሪያ ትምህርቱ ለሴቶች ብቻ ነበር። ብዙ እናቶች ተምረው አልሠሩበትም። ወንዶቹ ስላልተነገራቸው አላመኑበትም። ኋላ በመስጊድና በገበያ ለወንዶችም ሲነገር ነገሩ ተስተካከለ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረች። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሆኑ። ጤና ኬላ ተሠራ። ክትባት ቀረበ፤ አጎበር ታደለ። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን እዚያው ቀበሌው መታከም ቻለ። መጸዳጃ ቤትም ተስፋፋ። በ1982 ዓ.ም. ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 29 ወረደ።

እነዚህ እህቶቻችን ገደል ወጥተው፣ ቆላ ወርደው የሠሩት ሥራ ነው ቁጥሩን ያወረደው። የባንግላዴሽ መንደር ቤቱ የተጠጋጋ ነው። የዋግ ቤት ግን ከተራራ ተራራ የተራራቀ ነው። ይህን ስናስብ ድካማቸው ይበልጥ ይታየናል።

ሁለተኛው ቁጥር፦ መቀንጨር

ከሞት መዳን አንድ ነገር ነው። ማደግ ሌላ ነው። መቀንጨር ምንድን ነው? ሕፃን ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ ሲቀር ቀነጨረ ይባላል። ከቁመቱም በላይ አእምሮው ይጎዳል። ትምህርት ይከብደዋል፤ በሽታ ቶሎ ይጥለዋል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ነው። እነዚህ ቀናት ከእርግዝና እስከ ሁለተኛው ዓመት ልደት ያሉት ናቸው። ያ ጊዜ ካለፈ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

መቀንጨር በዓይን ስለማይታይ አስቸጋሪ ነው። የከሳ ልጅ ያስታውቃል። የቀነጨረ ልጅ ግን ይሮጣል፣ ይጫወታል። የመንደሩ ልጆች ግማሹ ከቀነጨሩ ደግሞ ሁሉም እኩል ይመስላሉ። «ዘራችን አጭር ነው» እንላለን። ስለዚህ መለካት ያስፈልጋል።

እንደገና ጻፉ።

ኢትዮጵያ፦ በ1997 ዓ.ም. አምስት ዓመት ካልሞላቸው 100 ሕፃናት 51ዱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 37 ሆነ።

ባንግላዴሽ፦ በ1996 ዓ.ም. ከ100 ሕፃናት 51ዱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. 31 ሆነ። በ2014 ዓ.ም. 24 ሆነ።

አያችሁ? ሁለቱ አገሮች ከአንድ ቦታ ተነሡ። ሁለቱም ወደፊት ሄዱ። ባንግላዴሽ ግን ቀደመች።

ለምን ቀደሙን?

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዋና ዋናዎቹን እንይ።

አንደኛ፣ ምግብ ነው። ባንግላዴሽ በመስኖ እየታገዘች ሩዝ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ታመርታለች። እኛ ብዙ ቦታ የምንጠብቀው አንድ ክረምት ነው።

ሁለተኛ፣ ንጽሕና ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሰው በ1982 ዓ.ም. ከ100 ሰው 34 ነበር። በ2007 ዓ.ም. አንድ ብቻ ቀረ። ሜዳው ሲቆሽሽ መሬት ላይ የሚድኸው ሕፃን በየጊዜው ይታመማል። የታመመ ሆድ ደግሞ የበላውን ምግብ በደንብ አይጠቀምበትም።

ሦስተኛ፣ የሴቶች ትምህርት ነው። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የባንግላዴሽ መንግሥት በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ልጃገረዶች በመላ አገሪቱ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ገንዘቡን የምታገኘው ሳታገባ የምትማረው ልጅ ናት።

አራተኛ፣ ልጅን አራርቆ መውለድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ ወደ አምስት የሚጠጋ ልጅ ትወልድ ነበር። በባንግላዴሽ ሁለት ከትንሽ ነው።

ባንግላዴሽ ሁሉን አሸንፋለች ማለት አይደለም። ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜ መዳር እዚያ ገና ብዙ ነው። እንማርባት እንጂ አናምልካት።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን

አሁን ወደ ራሳችን ቀዬ እንምጣ። የአገር አማካይ ቁጥር የአንድን አካባቢ ችግር ሊሸፍን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ100 ሕፃናት የቀነጨሩት በአገር ደረጃ 38 ነበሩ። በአዲስ አበባ 15 ነበሩ። በአማራ ክልል ግን 46 ነበሩ። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነበር።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ ያለውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገባ። የቃል ኪዳኑ ስም ሰቆጣ ነው። አዎ፣ የእኛዋ ሰቆጣ! የ1977 ዓ.ም. ረሀብ እንዳይደገም በሚል በእሷ ስም ተሰየመ። ሥራውም መጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ 40 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው።

መንገዱ ቀና አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ደረሰ። ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዝቋላን ጨምሮ አካባቢውን ድርቅ መታው። ጦርነትና ድርቅ የብዙ ዓመት ድካምን በአንድ ወቅት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ቃል ኪዳኑ ግን አልተሻረም። ከመንግሥት የሚጠበቀውን ውሃ፣ መስኖ፣ መድኃኒትና ሠራተኛ እንጠይቅ። መጠየቅ መብታችን ነው። ከቤታችን የሚጠበቀውን ደግሞ እኛ እንሥራ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጥባ። እንገሩን አትድፉት። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ሌላ አትስጡት። ውሃም፣ ቅቤም አትስጡት።

ስድስት ወር ሲሞላው ምግብ ይጀምር። ገንፎው ወፈር ይበል። በማሽላው ወይም በገብሱ ላይ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይቀላቀልበት። የተፈላ የፍየል ወተት ካለ ይጨመርበት። እንቁላሉን ሸጠን ጨው እንደምንገዛ አውቃለሁ። ከአሥሩ ሁለቱን ግን ለልጁ አስቀሩለት። በጾምም ወቅት ሕፃን አይጾምም። የራሱ ድስት ይኑረው እንጂ ወተቱና እንቁላሉ አይከልከል።

ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን አታቋርጡ። ከጤና ኬላ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄትና የዚንክ ኪኒን ውሰዱ። አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። ሕፃኑን አስለኩ። ሲለካ በካርዱ ላይ ነጥብ ይደረጋል። መስመሩ ወደ ላይ ከሄደ ልጁ እያደገ ነው። ከተጋደመ ወይም ከወረደ ምክንያቱን ጠይቁ። ካርዱን ለማንበብ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ፊደልና ቁጥር የለየ ሰው ያነበዋል። እናንተ አሁን ለይታችኋል።

አባቶችም ይህን ስሙ። የባንግላዴሽን ወንዶች ነገር አትርሱ። አማርኛ የማይሰማ ጎረቤት ካለ በአገውኛ አስረዱት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የልጁን መስመር መውረድ አትደብቁ፤ ቶሎ ተናገሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኢትዮጵያና ባንግላዴሽ ሁለቱም የመቱት ግብ የትኛው ነው?
2. መቀንጨር በዓይን የማይታየው ለምንድን ነው?
3. በቀበሌያችሁ ሕፃናት በየስንት ጊዜው ይለካሉ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።
4. በቤታችሁ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ ካርዱን አምጡ። የመጨረሻው ነጥብ የት ላይ ነው? ለቡድናችሁ አንብቡ።

ለዛሬ በዚህ እናብቃ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።