ከድራይቨር ዝማኔ በኋላ ደጋግሞ የሚነሣ ላፕቶፕ፦ የችግሩ ምንጭና የመፍትሔው ቅደም ተከተል

ከዝማኔ በኋላ ሳያቋርጥ እየጠፋ የሚነሣ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፈጣን ፍርድ ይሰጠዋል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ ፍርድ ከባድ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ረቂቅ፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂውና የመስክ መረጃው በዚያው ዲስክ ላይ ሊሆኑ ይችላሉና። ይሁን እንጂ መንሥኤው የተበላሸ ድራይቨር ሲሆን ሰነዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም፤ የሚጠፉት በጥድፊያ በተመረጠ መፍትሔ ነው። ይህ ጽሑፍ በዊንዶውስ የሚሠሩ ላፕቶፖችን መነሻ በማድረግ የችግሩን ምንጭና የመፍትሔውን ቅደም ተከተል ያብራራል።

የችግሩ ምንጭ

ድራይቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከስክሪን፣ ከድምፅ፣ ከዋይፋይና ከመሳሰሉት ክፍሎች ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሰናከል የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ድራይቨሮች ግን የሚሠሩት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ በከርነል ውስጥ በመሆኑ ስሕተታቸው መላውን ማሽን ይጥላል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያገኝ መረጃ እንዳይበላሽ ሥራውን ባለበት ያቆምና ራሱን ዳግም ያስነሣል። ሲነሣም ያንኑ ድራይቨር ስለሚጭን ያው ስሕተት ይደገማል፤ ዑደቱ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ክስተት ለዚህ ጉልህ ማሳያ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ያሠራጨው የተሳሳተ ፋይል፣ በከርነል ውስጥ የሚሠራው የኩባንያው ድራይቨር ከተፈቀደለት ወሰን ውጭ ያለ ሜሞሪ እንዲያነብ አደረገው። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተጎዱ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያስተካክልም፣ በዑደቱ ከወደቁት ማሽኖች ብዙዎቹ ማስተካከያውን ለመቀበል የሚበቃ ጊዜ ሳያገኙ ይጠፉ ነበር። በመሆኑም ባለሙያዎች ማሽኖቹን በሴፍ ሞድ እያስነሡ ፋይሉን በእጅ ማጥፋት ግድ ሆነባቸው። መፍትሔው አንድ ፋይል ማጥፋት እንጂ ዲስክ ማጽዳት አልነበረም።

ምርመራ

ቀዳሚው ጥያቄ ችግሩ የሶፍትዌር ነው ወይስ የሃርድዌር የሚለው ነው። ላፕቶፑ በባዮስ ገጽ ላይ ሳለ እንኳ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት፣ ወደ ኃይል አቅርቦት ወይም ወደ ሌላ የሃርድዌር ብልሽት ያዘነብላል። በአንጻሩ ዊንዶውስ ሲነሣ ብቻ የሚወድቅ፣ በሴፍ ሞድ ግን በሰላም የሚሠራ ከሆነ ድራይቨሩ ዋና ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ሴፍ ሞድ መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ጭኖ የሚነሣ ነውና።

የመፍትሔው ቅደም ተከተል

ዊንዶውስ በተከታታይ መነሣት ሲያቅተው የሪከቨሪ ገጹን ራሱ ይከፍታል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» የሚሉትን በቅደም ተከተል መርጦ ማሽኑን ዳግም ማስነሣትና 4 ቁጥርን መጫን ወደ ሴፍ ሞድ ያስገባል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚቀመጥ በስልክ ማየት ይቻላል።

በሴፍ ሞድ የመጀመሪያው ተግባር ጥገና ሳይሆን ሰነዶችን ወደ ውጫዊ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ ነው። ቀጥሎ በ«ዲቫይስ ማናጀር» የተዘመነውን ክፍል አግኝቶ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን መምረጥ የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሳል። ምርጫው ደብዝዞ ከታየና የማይሠራ ከሆነ አዲሱን ድራይቨር ማራገፍ ይቻላል። ሴፍ ሞድ ካልተከፈተ፣ ቀደም ሲል የተቀመጠ የመመለሻ ነጥብ እስካለ ድረስ «ሲስተም ሪስቶር» የግል ሰነዶችን ሳይነካ ድራይቨሮችን ወደ ነበሩበት ይመልሳል። «ሪሴት» የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ሰነድ እንዲያስቀር ቢታዘዝ እንኳ ተጠቃሚው የጫናቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋል። ላፕቶፑ ከዳነ በኋላም የተስተካከለ ድራይቨር እስኪወጣ ዝማኔን ለጊዜው ማቆም ያው ድራይቨር ተመልሶ እንዳይጫን ይረዳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት እርምጃዎች በአንድ መርሕ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሊመለስ የሚችለው እርምጃ ሊመለስ ከማይችለው ይቀድማል። ፎርማት ከሁሉም በኋላ ሊደረግ ይችላል፤ በፎርማት የጠፋ የመስክ መረጃ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው ለመመለሱ ዋስትና የለም።