ባሪያ ጫኝ የነበረችው ነጻ አውጪ መርከብ

ለዛሬ ያሰናዳነው ንግግር ብላክ ጆክ ስለምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው።

ይህች ከእንጨት የተሠራች ባለ ሸራ መርከብ አስቀድሞ ሄንሪኬታ ትባል ነበር፤ ሥራዋም ከምዕራብ አፍሪቃ ወደ ብራዚል ባሮችን ማጓጓዝ ነበር። እጅግ ፈጣን ስለ ነበረች አሳዳጆቿን ደጋግማ አመለጠች። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን እ.ኤ.አ. በ1807 በሕግ ከከለከለች በኋላ፥ የባሕር ኃይሏ በ1827 ይህችን መርከብ 569 ባሮች እንደ ጫነች ያዛት። ከዚያም ገዝቶ ስሟን ለወጠና ባሪያ ነጋዴዎችን እንድታሳድድ አሠማራት።

በ1829 ኤል አልሚራንቴ የተባለችውን ባለ 14 መድፍ መርከብ 31 ሰዓት ያህል ተከታትላ ደረሰችባት፤ ራሷ ሁለት መድፍ ብቻ ይዛ ሳለ ተዋግታ ማረከቻት። በውስጧ ታጉረው የነበሩት 466 ሰዎችም ከባሪያ ነጋዴዎቹ እጅ ወጡ። በመጨረሻ እንጨቷ ስለ በሰበሰ፥ በ1832 በሴራሊዮን፥ በፍሪታውን፥ በትእዛዝ ተቃጠለች።

ለነጋዴው ትርፍ ያስገኘው ፍጥነት፥ በኋላ ለምርኮኞቹ መዳኛ የሆነው ያው ፍጥነት ነው። የተለወጠው አዛዡና የተሰጠው ትእዛዝ ነው። እንግዲህ መሣሪያ ሁሉ የሚመሰገነውም ሆነ የሚወቀሰው በሚያዝበት ሰው አሳብ መሆኑን ከዚህች መርከብ ታሪክ እንረዳለን።