ኖራ የሚሟሟው ኮምጣጣ አፈር ሲያገኝ ነው

ገበሬው ማሳውን ደጋግሞ አርሶና አለስልሶ፣ ማዳበሪያውንም በወቅቱ ጨምሮ የዘራው ገብስ ሲቀጭጭ፣ ባቄላውም ሥሩ አጥሮ ሲቀር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በዘሩ ወይም በዝናቡ ነው። ይሁን እንጂ ዝናብ በሚበዛባቸው የወለጋ፣ የአዊ፣ የጉራጌና የሲዳማ ደጋማ ቦታዎች ዋናው ጠንቅ አብዛኛውን ጊዜ የአፈሩ መኮምጠጥ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በልዩ ልዩ ደረጃ በዚህ ችግር እንደተጠቃ ይገመታል።

ለብዙ ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ በየዓመቱ የሚታጨደው ሰብልም የድርሻውን ይዞ ይሄዳል። በቦታቸው አሲድ ይተካል። የአሲዱ መጠን የሚታወቀው ፒኤች በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ 7 መካከለኛ ነው። ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲዱ 10 እጥፍ ይበረታል። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ይመርዛል። ይኸው አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሆኖ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ በመያዝ በቀላሉ ወደማይሟሟ ጨው ይለውጠዋል። ስለዚህ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ በማሳው ውስጥ እያለ ለሰብሉ እንደሌለ ይቆጠራል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በአባይ ሸለቆ፣ በደጀን አካባቢ በብዛት ይገኛል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግን የሚሟሟው 15 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። «ታዲያ የማይሟሟ ድንጋይ ምን ይፈይዳል?» የሚል ገበሬ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው ከአሲዱ ዘንድ ነው። በንጹሕ ውሃ ጥቂት ኖራ እንደሟሟ ውሃው ይጠግብና መሟሟቱ ይቆማል። አሲድ ሲኖር ግን ከድንጋዩ የወጣውን ካርቦኔት ወደ ውሃና ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ውሃው ስለማይጠግብ ድንጋዩ መሟሟቱን ይቀጥላል፤ በሟሟ መጠንም አሲዱ ይጠፋል፤ አሉሚኒየሙም ወደማይሟሟ መልኩ ይመለሳል።

ከዚህ በመነሣት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሦስት ነገሮችን ሊያጤኑ ይገባል።

አንደኛ፣ ድንጋዩ እንደ ዱቄት የላመ መሆን አለበት። አሲዱ የሚያገኘው የድንጋዩን ገጽ ብቻ ስለሆነ ጠጠሩ ለዓመታት እንዳለ ይቀመጣል። ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድሞ፣ እርጥበት ባለው ማሳ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል ይኖርበታል። ከዩሪያ ጋር በአንድ ጊዜ መበተን ግን ናይትሮጅኑን በአየር ያስበትናል።

ሁለተኛ፣ አፈሩ ሳይመረመር ኖራ አይጋዝ። ኮምጣጣ ባልሆነ ማሳ ላይ የተበተነ ኖራ ሳይሟሟ ይቀራል። ለአንድ ሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ይህን ሁሉ በአህያ አግዞ ያለ ጥቅም መድፋት ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፣ የመጣው ዱቄት ኖራ መሆኑ ይረጋገጥ። ጀሶም ነጭ ዱቄት ነው፤ እንዲያውም ከኖራ ይልቅ በውሃ ይሟሟል። ነገር ግን አሲዱን አያጠፋም። ጥቂት ዱቄት በሰሐን አድርጎ የሎሚ ጭማቂ ማንጠባጠብ ነው። ኖራ ከሆነ አረፋ ያወጣል፤ ጀሶ ከሆነ ዝም ይላል።

ኖራ ማዳበሪያን አይተካም፤ የታሰረውን ያስፈታል እንጂ። ዝናቡም ማጠቡን ስለማያቆም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩን እንደገና ማስመርመር ያስፈልጋል። ስለሆነም መሪዎች ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር በመመካከር፣ የአፈር ናሙናው ከበጋው አጋማሽ በፊት እንዲወሰድና ኖራው ይበልጥ ለተጎዳው ማሳ በቅድሚያ እንዲደርስ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።